«የአያቴን ቤት ድንጋይ ልቅረጸው ወይ?»

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መንዝ ያለው የአያትሽ ቤት ሲፈርስ ከማዕዘኑ አንድ ትልቅ ያልተጠረበ ድንጋይ አስቀርተሻል። ቅዳሜና እሁድ ኮብል ስለምትጠርቢ እጅሽ ድንጋይ ለምዷል። ከዚያ ድንጋይ ሐውልት ማውጣት፣ ከተቻለም ሙያሽ ማድረግ ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «ድንጋይ ቀርጾ ማን እንጀራ በላ?» አሉሽ።

ከአባትሽ ጥያቄ ልጀምር። እንጀራስ ይበላበታል፤ አንቺ ባሰብሽው በኩል ላይሆን ይችላል እንጂ። ድንጋይ የሚቀርጽ ሰው አዘውትሮ ሥራ የሚያገኘው ከመቃብር ሐውልት፣ ከቤተ ክርስቲያን ግንባታ፣ ከሆቴልና ከግቢ ጌጥ ነው። ኤግዚቢሽን ቢመጣም ቆይቶ ነው። የመቃብር ድንጋይ መሥራት የሚደብርሽ ከሆነ ከአሁኑ አስቢበት።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የእናንተ ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ያንቺም ጥቁሩ ባዛልት ከሆነ ለጀማሪ ምሕረት የለውም። በመዶሻ መታ መታ አድርጊው። እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ውሃ አፍስሺበትና ሲደርቅ ተመልከቺው፤ ሌላው ደርቆ እርጥብ መስመር ከቀረ ስንጥቁ እዚያ ነው። በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባዛልት 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና ለብቻሽ እንዳታነሺው።

ኮብል መጥረብሽ ትልቅ ስንቅ ነው። ግን ኮብል ሲበላሽብሽ ወርውረሽ ሌላ ታነሻለሽ፤ የአያትሽ ድንጋይ ምትክ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከኮብሉ ቦታ በተጣለ ድንጋይ ተለማመጂ። ሥራሽም አንበሳ አይሁን፤ አዲስ አበባ በቂ አንበሳ አላት! እግሩን አጥፎ የተኛ የመንዝ በግ ብትሠሪ እመርጣለሁ። ቀጭን እግርና የተዘረጋ ክንድ ቶሎ ይሰበራል፤ የተኛ በግ ግን አንድ ወጥ ነው። በጉን አስቀድመሽ በጭቃ ሥሪው። ከዚያ በድንጋዩ ጎኖች ላይ መልኩን በከሰል ሳይው።

ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ) ከአልማዝ ዲስክ ጋር የሚያውስሽ ካገኘሽ፣ የሚወገደውን ክፍል በተቀራረቡ መስመሮች ሰንጥቂና በመሃል የቆሙትን ስስ ግድግዳዎች በመዶሻ አርግፊ። ካላገኘሽ ሹል መሮ ይበቃል። ጠንካራ ድንጋይ ላይ መሮውን አታጋድሚው፤ ወደ ቀጥታ አስጠግተሽ ያዢው። ጫፉ ቶሎ ስለሚደነዝዝ ቀጥቃጭ ዘንድ መመላለስሽ አይቀርም።

አቧራው ላይ ቀልድ የለም። የድንጋይ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን ያቆስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ሻሽ መጠምጠም አያድንም። ድንጋዩን እያረጠብሽ ሥሪ፤ ኤን-95 ማስክና መነጽር አድርጊ። ግራይንደር ሲሆን ደግሞ ኤሌክትሪክና ውሃ አይገናኙምና፣ ደጅ ወጥተሽ ነፋሱን ከጀርባሽ አድርጊ። የኮብል ጓደኞችሽንም ንገሪያቸው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ቅርጻ ቅርጽም ያስተምራል። ለመግባት የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ሳይሆን የሥዕል ችሎታም ይታያል። ስለዚህ አሁን ከመሮው ይልቅ እርሳሱ ይቅደም። በየቀኑ ሳይ፤ እጅ፣ ጫማ፣ ጀበና፣ የተቀመጠ ሰው፣ ያገኘሽውን ሁሉ። የድንጋዩንም ሥራ ከመነካቱ በፊት ጀምረሽ በየደረጃው ፎቶ አንሺ። ሥራሽን የሚያይ መምህርም ሆነ ደንበኛ ከየት ተነስተሽ የት እንደደረስሽ ማየት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፈረሰ የቤተሰብ ቤት ድንጋይ መውሰድ ችግር የለውም። ከጥንት መቃብርና ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ግን አንዲት ጠጠር እንዳትነኪ፤ ቅርስ በአዋጅ 209/1992 የተጠበቀ ነው።

ልምምዱን ትምህርት ሲዘጋ በክረምቱ ጀምሪ፤ ዝናቡም የኮብሉን ሥራ ያቀዘቅዘዋል። ከመስከረም በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለብሽ። የአያትሽ ድንጋይ እስከዚያ ይቆይሻል።