ሙሐመድ ስንት “ኤም” አለው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የገንዘብ ድጋፍ ሁለት አንቀጽ ጣል ባደርግ፣ ከባቲ እስከ ወገል ጤና ጥያቄ ጎረፈልኝ። ከመልሱ በፊት ግን አንድ ቁጣ አለኝ። ከእናንተ መካከል የልጁን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን መለያ ቁጥር)፣ ይባስ ብሎም የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም የላከልኝ አለ። አጥፍቼዋለሁ። ለእኔም ለማንም አትላኩ! እኔ ዕድሜዬን ሬጅስትራር ቢሮ ማህደር ሳገላብጥ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ እንጂ የአሜሪካ መንግሥት አይደለሁም።

አንዲት የደሴ እናት፦ ሚኒሶታ ያለችው ልጃቸው “ለቬሪፊኬሽን ተመርጠሻል” የሚል ኢሜይል ደርሷት እንቅልፍ አጥታለች። ምን አጥፍታ ነው? ይላሉ።

ምንም አላጠፋችም። አብሽሪ ይበሏት። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ከሞሉት ተማሪዎች የተወሰኑት መረጃቸው እንዲጣራ ይመረጣሉ። አንዳንዱ ቁጥሩ ስለተጋጨ ነው፤ አንዳንዱ እንዲሁ ዕጣው ወጥቶበት ነው። የሚያጣራውም ፖሊስ ሳይሆን የራሷ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮ ነው። የቤተሰብ ብዛት፣ የገቢና የታክስ መረጃ፣ አንዳንዴም ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጠይቃታል። የተጠየቀችውን ብቻ፣ በኮሌጁ ፖርታል በኩል ታስገባ። ጥፋት የሚሆነው ኢሜይሉን አይቶ ዝም ማለት ነው፤ ማጣራቱ ሳያልቅ ገንዘቡ አይለቀቅም።

ከሐይቅ፦ ፋፍሳ የሚሞላልኝ ሰው ለ“መንግሥት ክፍያ” ብር ጠየቀኝ። ስንት ነው ትክክለኛው?

ዜሮ። የመጀመሪያዋ “ፋ” ራሷ “ፍሪ”፣ ማለትም “ነፃ”፣ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣች ናት።

ከኮምቦልቻ፦ በዲቪ የሄደ አባት ነው የጻፈው፤ ለዕረፍት መጥቶ አገር ቤት ነው ያለው። የልጁ ስም በፓስፖርቱ ላይ “ሙሐመድ” በ“ዩ” እና መሐሉ ላይ በአንድ “ኤም”፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ በ“ኦ” እና በሁለት “ኤም”፣ በልደት ሰርተፍኬቱ ደግሞ መጨረሻው በ“ኢ” ተጽፏል። ኮሌጁ “እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?” ብሎ ጠይቋል። የአያቱ ስም ገብረ ሥላሴ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው ይላል።

ወንድሜ፣ ይሄ የልጅህ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ወሎ ያለበት ጣጣ ነው። በራሳችን ፊደል በሐመሩ “ሐ” ጻፍከው በሀሌታው “ሀ”፣ ማንም ሌላ ሰው ነው አይልህም። ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ግን ጸሐፊው ጆሮው እንደሰማው ይጽፋል፣ ኮምፒዩተር ደግሞ ጆሮ የለውም። አንዲት “ኤም” ብትጎድል ለእሱ ሌላ ሰው ነው።

መናዘዝ ካለብኝ፣ እኔም አንዱ ጥፋተኛ ነኝ። አንድ ዓመት የተማሪ ዝርዝር በእንግሊዝኛ እንዳዘጋጅ ታዝዤ፣ “ሰይድ” የሚባለውን ሁሉ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ “አስተካከልኩት”። ሥርዓት ያስያዝኩ መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዱ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ “ጋሼ፣ በእርስዎ ምክንያት ዲግሪዬና ፓስፖርቴ አይተዋወቁም” አለኝ። ቡና ጋበዝኩት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ሥራው። ፋፍሳ ላይ የሚሞላው ስም፣ የልደት ቀንና ቁጥር ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ያለው እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ይጻፍ። ካርዱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ ካርዱ ይታረም፣ ከዚያ ማመልከቻው። ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ማህደሩን አይቶ “በእነዚህ አጻጻፎች የተጠቀሰው አንድ ተማሪ ነው” የሚል ደብዳቤ በቁጥር፣ በቀንና በማህተም ይጻፍለት። ኮምፒውተር ቤት ሄደህ “አንዷን ፊደል ብቻ” ስካን ላይ እንዳታስነካ! በሦስት ዓይነት የተጻፈ ስም በደብዳቤ ይፈታል፤ የተነካካ ሰነድ ግን የሚፈታው የለም።

ገብረ ሥላሴን በተመለከተ፦ እኛ ዘንድ አያት ገብረ ሥላሴ፣ አባት ሰይድ፣ ልጅ ሙሐመድ መሆኑ ወሬ አይሆንም። በዓሉም ልቅሶውም የጋራ ነው። ፈረንጁ ግን “ላስት ኔም” የሚለው ሳጥን ውስጥ የቤተሰብ ስም ነው የሚፈልገው፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። እስቲ ቁጠረው፦ ልጁ በአያቱ ይጠራል፣ አባት በልጁ ቅድመ አያት፣ እናት ባሏ ስም ውስጥ ስለማትገባ በራሷ አያት። አንድ ቤት፣ አንድ ሞሰብ፣ ሦስት “ላስት ኔም”። ቢሮው “እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ቤተሰብ ናቸው?” ቢል አይፈረድበትም። የአንተና የእናቱ ስም ያለበትን የልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ አያይዝ፤ ከላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ብቻ ጨምር፦ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፣ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባትና የአያት ስም ይከተላል። ስለ ሃይማኖታችሁ ምንም አትጻፍ፤ የጠየቀህ የለም።

ከወልዲያ፦ ወንድሜ እዚሁ ሆኖ አሜሪካ ኮሌጅ ሊያመለክት ነው። ፋፍሳ ይሙላ?

አይሙላ። የፌዴራል ድጋፍ ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ ለስደተኞችና ለጥቂት መሰል ሰዎች ነው፤ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ አያገኝም። እሱን የሚመለከተው ኮሌጆቹ ከራሳቸው ኪስ የሚሰጡት ነው። ለዚያ ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ቅጽ ይጠይቃሉ። ያ ክፍያ አለው፣ ግን ኮሌጁን “ክፍያው ይነሣልኝ” ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። ሃርቫርድን፣ ዬልን፣ ፕሪንስተንን፣ ኤምአይቲንና አምኸርስትን የመሳሰሉ ጥቂቶች የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም። ጥቂት ናቸው አልኩ፤ ለመግባት ደግሞ መርፌ ቀዳዳ ናቸው።

ከደላንታ፦ አባቴ ገበሬ ነው። ደመወዝ የለውም። ክረምት ከበጋ ያርሳል፣ የኦፓል ድንጋይ ሲገኝ ይሸጣል፣ እህቴ ከዐረብ አገር አልፎ አልፎ ትልካለች። ኮሌጁ “የቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ” አለኝ። ጓደኞቼ “ዝም ብለህ ዜሮ በል” ይሉኛል፤ አጎቴ ደግሞ “ለቪዛው ይጠቅምሃል፣ ባንክ ብር ተበድረን እናስገባልህ” ይላል።

የጓደኞችህንም የአጎትህንም ምክር ተውና ስማኝ። ለዚህ ጥያቄ ስል ነው የዛሬውን የጻፍኩት።

የእኛ ሰው ሁለት ዓይነት ደብዳቤ መልመዱ እውነት ነው። ለእርዳታ ሲሆን “ምንም የሌለው ችግረኛ”፣ ለኤምባሲ ሲሆን “በቂ ሀብት ያለው”። የቀበሌው ሊቀመንበርም ሁለቱንም በአንድ ቲተር ያትማል። እዚህ አገር ወረቀቶቹ ስለማይገናኙ ያስኬዳል። እዚያ ግን ይገናኛሉ። ኮሌጁ ድጋፉን የሚወስነው በቅጹ ላይ በጻፍከው አቅም ነው፤ ለቪዛ የሚሆነውን አይ-20 የሚባል ወረቀት የሚሰጥህም ራሱ ኮሌጁ ነው፣ ቤተሰብህ የሚከፍለው ስንት፣ ድጋፉ ስንት ብሎ አስልቶ። ባለፈው ወር ድንገት የገባች አንዲት ትልቅ ብር ያለችበት የባንክ ስቴትመንት፣ “አባቴ ምንም ገቢ የለውም” ከሚል ቅጽ አጠገብ ስትቀመጥ ምን ትመስላለች? አንተው ፍረድ።

“ዜሮ” ደግሞ በራሱ ውሸት ነው። ስድስት ሰው በዜሮ አይበላም። አንባቢው ወዲያው “ታዲያ በምን ትኖራላችሁ?” ይልሃል። ስለዚህ ከአባትህ ጋር ቁጭ በሉና ቁጠሩ። ስንት ኩንታል ስንዴና ባቄላ ገባ፣ ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ገበያ ወጣ፣ በስንት ተሸጠ። ስንት በግ ተሸጠ። ኦፓል በዚያ ዓመት ተገኝቶ ነበር? ካልተገኘ “አልተገኘም” በል፤ በሌላ ዓመት የተገኘውን እንዳትጨምር። እህትህ የላከችውን በሐዋላ ደረሰኙ ደምር። ግምት ከሆነ “ግምት ነው” ብለህ አሰላሉን አሳይ። የመሬት ግብር ደረሰኙን አያይዝ፤ ከማንኛውም “ችግረኛ ነው” ከሚል ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል።

“የመሬታችሁ ዋጋ ስንት ነው?” የሚለው ሳጥን ላይ ብዙ ልጅ ይደነግጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አባትህ ያለው የመጠቀም መብትና የይዞታ ደብተር ነው። የሽያጭ ዋጋ ፈጥረህ እንዳትጽፍ፤ ይህንኑ በማብራሪያው ቦታ ላይ አስረዳ።

ዘመኑንም ልብ በል። ቀበሌው “በ2016 ዓ.ም. ገቢው ይህን ያህል ነው” ይልሃል፤ እነሱ የሚጠይቁት ግን የራሳቸውን ዓመት ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚታየው የ2024 ገቢ ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ማለት ነው። የሁለት ዓመት መኸር መሐል ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ በላይ ችግር የሆነው፣ ብር በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው በዚያው መሐል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው በግ በግንቦት ሲሸጥና በመስከረም ሲሸጥ በዶላር አንድ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው በብር ይጻፍ፤ ወደ ዶላር የመነዘርክበትን ቀንና ምንዛሪ ከጎኑ አስቀምጥ። በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚያሰሉ ደግሞ ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቅ። እኔ ልገምትልህ አልችልም፤ አንተም አትገምት።

ከባቲ፦ ልጃቸውና ባላቸው በዲቪ አሜሪካ ናቸው፤ እሳቸው እዚህ ቀርተዋል። ልጃቸው “ማሚ፣ ፋፍሳው ላይ አንቺም ፈርሚ” አለቻቸው። ሶሻል ሴኩሪቲ የለኝም፣ እንዴት ልፈርም? ይላሉ።

ያለ ቁጥሩም ይቻላል፣ እትዬ። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ወዲህ ቁጥር የሌለው ወላጅም የራሱን አካውንት መክፈት ይችላል። እርስዎ ግን በራስዎ ኢሜይል፣ በራስዎ እጅ ይክፈቱ። ልጅዎ በእርስዎ ስም ገብታ “ፈረምኩ” ብትል ሐሰት ነው፣ ብትወድዎትም። አሜሪካ ታክስ ባይከፍሉም፣ የታክስ መረጃዎ እንዲታይ “ፈቃደኛ ነኝ” የሚለውን መጫን ግዴታ ነው፤ ካልተጫነ ልጅዎ የፌዴራል ድጋፍ አታገኝም። የታክስ ነገር ቢያስቸግር የታክስ ባለሙያ ይጠይቁ።

ከኩታበር፦ በልደቴ ላይ ሰባት ዓመት ልደምር ወይስ ስምንት?

ዓመቱን ብቻ መደመር ይቅር፤ ቀኑና ወሩም ይለወጣል። ግንቦት 3 ቀን 1998 የተወለደ ሰው እዚያ ሜይ 11፣ 2006 ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 የተወለደ ዲሴምበር 31፣ 2005 ሲሆን፣ በማግስቱ የተወለደው ጃንዋሪ 1፣ 2006 ይሆናል። ፓስፖርትህ ላይ ቀድሞ የተሳሳተ ቀን ካለ ግን ቅጹ ላይ “አርሜ ልሙላ” እንዳትል። ከኢሚግሬሽን ማህደርህ ጋር የሚጋጭ የልደት ቀን ከድጋፍ ማመልከቻ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም፦ አንዲት ፊደል ከመንካትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። አቅም ከሌለህ በነፃ የሚያግዙ አሉ፤ ኮሌጁን ጠይቅ።

ከመርሳ፦ በ2014ቱ ጦርነት የትምህርት ቤታችን ማህደር ተቃጥሏል። ኮሌጁ የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት ይላል።

ይሄ ጥያቄ ልብ ይነካል። ማህደር ሲነድ ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ተቃጥሏል ብለህ በግልጽ ጻፍ። ትምህርት ቤቱና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገቡ እንደጠፋ፣ አንተም ከየትኛው እስከየትኛው ዓመት እንደተማርክ ደብዳቤ ይጻፉልህ። የብሔራዊ ፈተና ውጤትህ አዲስ አበባ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ስላለ እሱን አስመስክር። እጅህ ላይ የቀረ የሴሚስተር ካርድ ካለ፣ ጥግ ጥጉ የነደደም ቢሆን፣ እሱንም ስካን አድርገህ ላክ። ኮሌጆች ጦርነት የሸሸ ተማሪ ሲያዩ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። የሚያበላሽብህ ነገር ቢኖር “ያለውን እናስመስለው” የሚል ሰው ነው።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ ዲግሪ አለኝ፣ ለማስተርስ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲዬ “መጀመሪያ የወጪ መጋራትህን ጨርስ” አለኝ። ይሄ መብት ነው?

የፈረምከው ውል ነው። ያኔ በየዓመቱ መስከረም ላይ ሳታነበው የፈረምከው ወረቀት ትዝ አለህ? እሱ ነው። ክፈልና ክሊራንስህን ያዝ።

ከቦረና፣ መካነ ሰላም፦ የቀበሌው ማህተም ሰማያዊ ይሁን ወይስ ሐምራዊ?

የፈለገውን ይሁን፣ ብቻ ይነበብ።