ከአዳራሹ ቀብድ በፊት አባ ጋ ሂዱ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አንተ ካቶሊክ፣ እጮኛህ ኦርቶዶክስ። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ታስቧል። «ከየት እንጀምር? እሷስ የግድ መቀየር አለባት?» ነው ያልከው። እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔም ካቶሊክ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ የተጋባነውም አዲስ አበባ ነው። አሁን ቁምስናችን (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) ውስጥ ለሚጋቡ ጥንዶች ትምህርት ሲሰጥ እኔንና እሱን እየጠሩ ያናግሩናል። ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል ታገሰኝ።

ቁርጡን ላስቀድም። መቀየር የለባትም። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስን ጥምቀት ትቀበላለች። ሁለት የተጠመቁ ሰዎች ስለሆናችሁ ጋብቻችሁ ሙሉ ምሥጢረ ተክሊል ነው፤ የጎደለ ነገር የለውም። የሚያስፈልገው የጳጳሱ ፈቃድ ነው። ማመልከቻውን የሚያዘጋጀው የቁምስናህ ቆሞስ (ኃላፊው ካህን) ነው፣ የሚላከውም ወደ ሀገረ ስብከቱ ነው። ሁለታችሁ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት አትንከራተቱም። ጊዜ ግን ይወስዳል። ለዚህ ነው ለአዳራሽ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት አባ ጋ ሂድ የምልህ። ሰው ዲኮሩን፣ ቬሎውን፣ መኪናውን ጨርሶ በመጨረሻው ወር ቁምስና ይሄድና ቀኑ በሌላ ሰርግ ተይዞ ያገኘዋል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች እንዴት እንደሚሻሙባቸው ታውቃለህ። ዐቢይ ጾም ላይ ሰርግ ስለማይደረግ ሁሉም ዳግማይ ትንሣኤን ነው የሚጠብቀው። ስድስት ወር ቀደም ብለህ ብትሄድ አልበዛም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፈቃዱ ሲጠየቅ አንተ ቃል ትገባለህ። እምነትህን እንደማትተው፣ ልጆችህ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነስተው እንዲያድጉ የምትችለውን ሁሉ እንደምታደርግ። ቃሉን የምትገባው አንተ እንጂ እሷ አይደለችም። እሷ ግን ምን ቃል እንደገባህ በደንብ ማወቅ አለባት፤ አባም ይነግሯታል። ከዚህ በፊት ልጆቹን በተመለከተ አውርታችሁ ካላወቃችሁ፣ ወሬውን መጀመሪያ አባ ቢሮ ውስጥ እንዳትሰማው።

የእኛን ልንገርህ። ሽምግልናው በሰላም አልቆ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ዘና ብሎ ሳለ የባለቤቴ አጎት ስኒውን አስቀመጡና «ልጆቹስ ክርስትና የት ነው የሚነሱት?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔና እሱ ግን ጉዳዩን ቀድመን ስለጨረስነው እሱ ራሱ መለሰላቸው። «እዛው ካቶሊክ ነው ጋሼ፣ ተስማምተናል» አለ። አጎትዬው ደስ አላላቸውም፤ ግን የሚከራከሩት ሰው አጡ። መልሱን እኔ ብሰጥ ኖሮ እስከ ማታ እዛው ነበርን። ስለዚህ በእሷ ቤተሰብ በኩል የምትናገረው እሷ ትሁን። አርባው ወይ ሰማንያው ቀን ሲደርስ አያት ነጠላዋን ለብሳ ትመጣለች። ያን ጊዜ አዲስ ድርድር መክፈት ለማንም አይበጅም።

«ለሰላም ብለን ሁለቱም ጋ ብንጋባስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። አይሆንም። የካቶሊክ ሕግ አንዴ ቃል ኪዳን ከተሰጠ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት አድርጎ ቃሉን መድገም ይከለክላል። በኦርቶዶክስ በኩልም ተክሊል የሚፈጸመው ሁለቱም የእምነቱ ልጆች ሲሆኑ ነው። በግልጽ ልንገርህ፤ ካቶሊክ ጋ ተክሊል ማድረጓ በራሷ ቤተ ክርስቲያን ከቁርባን ሊያርቃት ይችላል። ይሄን ከሰርጉ በኋላ ከሰው አፍ መስማት የለባትም። ከነፍስ አባቷ ጋር ቀድማ ትነጋገር። አንተም ይሄ ለእሷ ቀላል እንዳልሆነ አውቀህ ተራመድ።

ወረቀቱ ብዙም አያስፈራም። አንተ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ታመጣለህ፤ ግን እናትህ ሳጥን ውስጥ ያለው የድሮው አይሠራም፣ አዲስ የወጣ ነው የሚፈለገው። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። ምክንያት አለው። ካቶሊክ ሲያገባ የተጠመቀበት ቁምስና መዝገብ ላይ ከስሙ ጎን ጋብቻው ይጻፋል። አዲሱ ወረቀት ያ ቦታ ባዶ መሆኑን ያሳያል። እምድብር ወይ ሶዶ ተጠምቀህ አዲስ አበባ የምትኖር ከሆነ ዛሬውኑ ዘመድ ላክ። መዝገቡ ከጠፋም ተስፋ አትቁረጥ፤ ስትጠመቅ የነበረ የታመነ ሰው ምስክርነት ይበቃል። እሷ የክርስትና ካርዷንና ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ትይዛለች። ስማችሁም በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ተቃውሞ ያለው እንዲያሳውቅ። የእኛ የተነገረ ቀን እናቴ ከእኔ በላይ አፍራ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፈነች።

ከዛ መጠይቁ አለ። ለእኔ ከዝግጅቱ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሁለታችሁን ለየብቻ ያስገቧችኋል። አባ ቅጽ ዘርግተው ይጠይቃሉ። የሚያስገድድህ ሰው አለ? ቤተሰብ ጫና አድርጓል? ከዚህ በፊት በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በማዘጋጃ ቤት አግብተህ ታውቃለህ? እስከ ሞት ድረስ መሆኑን ትቀበላለህ? ልጅ ለመውለድ ፈቃደኛ ነህ? ከእሷ የደበቅከው ከባድ ነገር አለ? ከመለስክ በኋላ ትፈርማለህ። ይሄ እንዲያው ፎርማሊቲ እንዳይመስልህ። እነዚህ ላይ የሚዋሽ ሰው ጋብቻው ከመሠረቱ ሊፈርስ የሚችል ነው። እኔ «የደበቅሽው አለ?» ስባል ስለ አንድ ዕዳ ትዝ አለኝ። ደብቄው አይደለም፣ ተነስቶ ስለማያውቅ ነው። የዛን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱም የራሱን ነገረኝ። ስለ ገንዘብ በቅጡ ያወራነው ያኔ ነው።

ትምህርቱን ደግሞ አትዝለል። አንዳንዱ ቁምስና ቅዳሜ ቅዳሜ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ አከታትሎ ይጨርሰዋል። እጮኛህም አብራህ ትምጣ። ማንም ሊሰብካት አይሞክርም፤ ባለቤቴ እንኳን በመጨረሻ ከእኔ በላይ ጠያቂ ሆኖ ነበር።

አገራችን ውስጥ ካቶሊክ ሁለት ሥርዓት አለው፤ ግዕዝና ላቲን። ተክሊሉ ራሱ በግዕዝ ሥርዓት ከሆነ እጮኛህ እንግዳ አይሆንባትም። ካባው አለ፣ አክሊሉ አለ፣ ዜማውም ጆሮዋ የሚያውቀው ነው። የባለቤቴ እናት «እኔ እኮ ሌላ ነገር ነበር የመሰለኝ» ብላ አልቅሳለች፣ በደስታ። በላቲን ሥርዓት ከሆነ ለቤተሰቧ ቀድመህ አስረዳቸው። አንድ ነገር ደግሞ፦ በግዕዝ ሥርዓት የካህን ቡራኬ ከሌለ ተክሊል የለም። ዲያቆን የሆነ ወንድም ወይ አጎት ቢኖርህ እሱ ሊፈጽመው አይችልም። ዘመድ የሆነ ቄስ ከሌላ ሀገረ ስብከት የምታስመጣ ከሆነ ደግሞ ከቆሞሱ ውክልና ማግኘት አለበት። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ የግድ ካቶሊክ መሆን አያስፈልጋቸውም። የቁርባኑን ነገር ግን ከአባ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። ማን ይቆርባል፣ ማን አይቆርብም የሚለው ሚዜ ሁሉ በተሰለፈበት የሚወሰን ነገር አይደለም። ቪዲዮ የሚቀርጹትንም አደራ በላቸው፤ መቅደሱ ደጃፍ ላይ ጀርባቸውን ለታቦት ሰጥተው ሲቆሙ ደስ አይልም።

በመንግሥት በኩል፣ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖት ጋብቻን ያውቃል፣ ግን መመዝገብ አለበት። ወረዳ ወሳኝ ኩነት ጋ በ30 ቀን ውስጥ ሂዱ። በተቃራኒው፣ ወረዳ ላይ መፈረም ብቻውን ለአንተ ለካቶሊኩ ተክሊል አይሆንም። አባ የሚሰጡህን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስትቀበል የሁለታችሁን ስም ከመታወቂያችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» ብሎ የለየ አንድ ሠራተኛ ካጋጠመህ ተመለስ መባልህ አይቀርም።

የተጠመቅክበትን ሀገረ ስብከት ጻፍልኝና መዝገቡን በማን በኩል እንደምታስወጣ በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ።