«አሜንድ» ስለሚለው ቃል ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በእንግሊዝኛ የተረቀቀ ውል በእናንተ በጀማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ «አሜንድ»፣ «ሞዲፋይ» እና «ኦልተር» የሚሉት ቃላት በአማርኛው ቅጂ ሁሉም «መለወጥ» ተብለው ሲታለፉ ማየቴ ነው።

«አሜንድ» ከላቲን የመጣ ሲሆን በመነሻው ጉድለትን ማስወገድ ማለት ነበር። ዛሬ ጉድለት ባይኖርም እንኳ ይሠራበታል፤ ነገር ግን በሕግ አጻጻፍ የተሻሻለው ሰነድ ሕልውናው እንደተጠበቀ፣ ከፊሉ ብቻ በታወቀ ሥርዓት መለወጡን ያመለክታል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 105 የሚናገረውም ስለዚሁ ነው። «ሞዲፋይ» ላላ ያለ ቃል ነው፤ ልክን መቀነስን ወይም ማስተካከልን ይሸከማል። «ኦልተር» ደግሞ ሌላ ማድረግ ስለሆነ፣ በቼክ ወይም በፊርማ ሰነድ ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የጥርጣሬ ሽታ አለው።

ልዩነቱን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ታሪክ ተማሩት። አዋጅ ቁጥር 377/1996 በተከታታይ አዋጆች፣ ለምሳሌ በ466/1997 እና በ494/1998 ተሻሻለ፤ በእነዚያ ዓመታት ሕጉን ማወቅ የፈለገ ሰው ዋናውንና ማሻሻያዎቹን ጎን ለጎን ማንበብ ነበረበት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ ግን የቀድሞው ተሻረ፤ ይህ ማሻሻል ሳይሆን መተካት ነው። ደንበኛችሁ «ውሉን አሜንድ አድርጉልኝ» ሲላችሁ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ መጠየቅ ግዴታችሁ ነው፤ አዲስ ውል አሮጌውን ከተካው በአሮጌው ላይ የቆመ ዋስትና አብሮ ሊወድቅ ይችላልና።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1722 በተለየ ፎርም፣ ለምሳሌ በምስክሮች ፊት በተፈረመ ጽሑፍ፣ የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ በታቦር ተራራ አቅራቢያ ያለ ቤት የተሸጠበትን ውል በስልክ መልእክት አሻሽለናል የሚል ደንበኛ ቢመጣ፣ አለመሻሻሉን በግልጽ ንገሩት፤ ቢያዝንባችሁም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። «ሜክ አሜንድስ» የሚለው አነጋገር ውል ከማሻሻል ጋር ግንኙነት የለውም፤ የበደለ ሰው ጉዳቱን መካሱን ነው የሚገልጸው። ተቃራኒ ወገን በደብዳቤው ይህን ቢጽፍ፣ ሐሳቡ ኃላፊነትን ወደ መቀበል ሊያደላ ስለሚችል ደብዳቤውን በጥንቃቄ አስቀምጡት።

ማሻሻያ ስታረቅቁ የሚለወጠውን አንቀጽ በቁጥሩ ጥቀሱ፤ አዲሱን ንባብ እንደ «ከቃሉ በኋላ ይጨመር» ባለ ቁርጥራጭ ሳይሆን ሙሉውን ጻፉት፤ ያልተነካው ክፍል እንደጸና መቀጠሉን ግለጹ። ከምን ቀን ጀምሮ እንደሚጸና ሳትጽፉ ግን አትፈርሙ፤ ከማሻሻያው በፊት የደረሰ ዕዳ በአሮጌው ቃል ይሁን በአዲሱ ይሰላ የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚያ ክፍተት ነው።