«የበርጩማ ሰዋስው» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። «የበርጩማው ሰዋስው» ስል ተማሪዎቼ «ሰዋስው የቋንቋ ነው፤ እንጨት ምን ሰዋስው አለው?» ይሉኛል። አነጋገሬ ስሕተት ነው?

መልስ፦ ስሕተት የለበትም። የቋንቋ ሊቁ ኖአም ቾምስኪ በ1957 እ.ኤ.አ. ጥቂት ሕጎች ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ዓረፍተ ነገሮች እንደሚያፈልቁ ካሳየ በኋላ፣ ጆርጅ ስታይኒና ጄምስ ጊፕስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 ያንኑ መንገድ ወደ ንድፍ አመጡት። ስሙንም «የቅርጽ ሰዋስው» አሉት፤ በሕጉ መሠረት አንዱ ቅርጽ በሌላው ይተካል። በ1980 ደግሞ ተመራማሪዋ ቴሪ ናይት ሄፕልዋይት የሚባለውን የእንግሊዝ ወንበር መደገፊያ በዚሁ ስልት ተነተነችው።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የእናንተው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው። ተገጣጥሞ የተሠራ ወንበር «ወንበሮቻችን» እንደሚለው ቃል ነው፤ «ወንበር»፣ «ኦች»፣ «ኣችን» ብለን እንፈታታዋለን። በርጩማው ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል እግሩ ከመቀመጫው አይነቀልም። ታዲያ ክፍል የለውም ማለት ነው? አለው። «ጠራቢ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ፦ ሥሩ፣ ማለትም መሠረቱ የሆኑት ተነባቢዎች፣ ጥ-ር-ብ ነው፣ አናባቢዎቹ በመካከሉ ገብተዋል፤ የቱ ጋ ተቆርጦ ይለያል? የትም። «ጠራቢ፣ ጥርብ፣ መጥረቢያ» ከ«ለቃሚ፣ ልቅም፣ መልቀሚያ» ጎን ሲሰለፉ ግን ሥሩም ቅርጹም ለየብቻ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በርጩማዎችንም ተማሪዎችዎ ፊት ደርድረው ያስተያዩ። መቀመጫው ሳይለወጥ እግሩ የተለወጠበትን፣ እግሩ ባለበት ሆኖ መደገፊያ የተጨመረበትን ይፈልጉ። ክፍሎቹ የሚወጡት በመጋዝ ሳይሆን በንጽጽር ነው።

አንድ ነገር ግን እንዲለዩልኝ እፈልጋለሁ። ሕግ ሁሉ ሰዋስው አይደለም። ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ የማይንገዳገደው ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚያርፉ ነው፤ ይህ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው፣ ጠራቢው ቢወድም ባይወድም ይሠራል። መቀመጫው ክብ ይሁን፣ ጠርዙ ይህን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው የሚለው ግን ሠሪዎች ከመምህሮቻቸው የወረሱት ልማድ ነው፤ ሌላ አገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰዋስው የሚለውን ስም ለዚህኛው ያቆዩት።

ለተማሪዎችዎ «እያንዳንዱ እግር አንድ ቃል ነው» የሚሉ ከሆነም ይህን ይተዉት። ቃል ትርጉም ይይዛል፤ እግር የሚይዘው ክብደት ነው። «የእግሩ ትርጉም» ከማለት «የእግሩ ተግባር» ቢሉ አማርኛውም ሐሳቡም ይጠራል።