የታመመ ለመጠየቅ ሰርተፍኬት ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ የምኖር ነርስ ነኝ። መጋቢያችን ይሰብካሉ፣ ያስተምራሉ፣ ያጋባሉ፣ ይቀብራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። በጣም ደክመዋል፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። የታመሙ ምእመናንን እየሄድኩ ልጠይቅ፣ ልጸልይላቸው ብዬ ለአንድ ሽማግሌ ነገርኳቸው። «ይሄ የአገልጋዮች ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገብተሽ ሰርተፍኬት ያዢ» አሉኝ። እኔ ተራ ምእመን ነኝ። ዝም ብዬ ልቀመጥ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትቀመጪ። ኤፌሶን ምዕራፍ 4ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳን አገልግሎትን እንዲሠሩ ለማዘጋጀት ነው። መጋቢሽ ያንን ሁሉ ብቻቸውን እንዲሸከሙ ማንም አላዘዛቸውም።

ወጣት ሳለሁ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስ የተባለችውን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። ንብረቱ ተወረሰ፣ መሪዎች ታሰሩ። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነን መሰብሰብ ጀመርን። ቡና ይፈላል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ ጥየቃ የመጣን እንመስላለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። እኛን የሚያስተምሩን እናት መድረክ ላይ ቆመው የማያውቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቁጥራችን ሲበዛ ለሁለት እንከፈላለን፤ ያኔ ደግሞ ሌላ አስተማሪ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

እንዲሁ በራሱ የሆነ እንዳይመስልሽ። ያልታሰሩት መሪዎች የቤት ኅብረት መሪዎችን በስውር ያሠለጥኑ ነበር። ትምህርቱን አዘጋጅተው በእጃቸው ይሰጧቸዋል፣ የከበዳቸውን ይጠይቋቸዋል፣ ያርሟቸዋል። የመሪ ሥራ ለእኔ ይሄ ነው። ወላይታም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። ወንጌሉን ያዳረሱት ገበሬዎች ናቸው።

ሽማግሌውን ግን አትቀየሚያቸው። ሥጋታቸው መሠረት አለው። ያልተዘጋጀ ሰው የታመመ ቤት ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የሰማውን ምስጢር ሰፈር ለሰፈር ያወራል። «እምነትሽ ስለጎደለ ነው ያልተፈወስሽው» ይላል። ይባስ ብሎ መድኃኒት የሚያስቆም አለ፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ሳይቀር! ይሄ ያንገበግበኛል። ግን አንቺ ነርስ ነሽ። በሽተኛ ሲደክመው ታውቂያለሽ፣ መቼ ተነሥተሽ መውጣት እንዳለብሽም ታውቂያለሽ። መድኃኒቱን እየዋጠ እንድትጸልዪለት ሊነግርሽ የሚያስፈልግ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው በእጃቸው እያለ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ለእኔ ብክነት ነው።

ሥልጠናውም ክፍል ውስጥ ብቻ አይገኝም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ገና ብዙ ነገር ሳይገባቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ልኳቸዋል። ሲመለሱም የሆነውን ሰማቸው። ስለዚህ መጋቢሽን በቀጥታ አነጋግሪያቸው። «አገልግሎት ስጡኝ» አትበያቸው። «ቅዳሜ ሆስፒታል ሲሄዱ ይዘውኝ ይሂዱ» በያቸው። መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ቀጥሎ እሳቸው ባሉበት አንቺ ጸልዪ። ከዚያ አንቺ ምሪ፣ እሳቸው ይዩሽ። መንገድ ላይ ምን እንዳጎደልሽ ጠይቂያቸው። የማታ ትምህርት ካለም ተመዝገቢ፤ ቃሉን ማወቅ አይጎዳሽም። ብቻ ሰርተፍኬቱ እስኪመጣ ድረስ ሰው አይቆይሽም።

ይህን ለሚያነቡ መጋቢዎችም አንድ ነገር ልበል። ለሰው ሥራ ስትሰጡ የምር ስጡት። ወንበር ማስተካከልና ሻይ ማቅረብ ብቻ ሰጥታችሁ «ምእመናኑ አያገለግሉም» አትበሉ። ቢሳሳቱ አጠገባቸው ሁኑ።

እኅቴ፣ መጋቢሽ እምቢ ቢሉሽ እንኳ በኅብረታችሁ ያለችውን አራስ ለመጠየቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ገንፎውን ይዘሽ ሂጂ።