በረኪናና አቼቶ ደባልቄ አሽትቼ ሳሉ አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር አዘዞ ነው፣ 10ኛ ክፍል ነኝ። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨውና ውሃ ይሰጣሉ ተብለን ተምረን እቤት ልሞክረው ብዬ አቼቶ ላይ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሬ አፈላሁት፣ ግን ጨው መሆኑ ቀርቶ እንደ ሙቅ ወፈረና ታች ቡናማ ሆኖ ያዘ። ነጭ እንዲሆንልኝ በረኪና ሳፈስበት ሽታው ሰነፈጠኝ፣ አይኔ ተቃጠለ፣ ሳል በሳል ሆንኩ። እናቴን በረኪና ሸተተኝ ብቻ ስላት ወተት አጠጣችኝ። ይኸው 3ኛ ቀኔ ነው፣ አይኔ ተሽሎታል፣ ዳገት ስወጣ ግን አሁንም ያስለኛል። ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ አፈርኩ። ሳንባዬ ተጎድቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትንፋሽህን እንይ፣ ጨውህ ይደርሳል። ያሸተትከው ክሎሪን ጋዝ ነው። ድስቱ ውስጥ የተረፈው አቼቶ አሲድ ስለሆነ በረኪናን ሲያገኘው ክሎሪን ይለቃል፣ ይሄ ጋዝ ደግሞ እርጥብ ነገር ሲነካ አሲድ ስለሚሆን ነው አይንህም ጉሮሮህም ደረትህም ባንዴ የተቃጠለው። በጣም የምንፈራው ሳንባ ውሃ መቋጠሩን ነው፣ እሱ የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ይታያል፣ አንተ 3ኛ ቀንህ ላይ ሆነህ ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ የሚያስልህ የቀረው የአየር ቧንቧህ መቆጣት ይመስለኛል፣ ይሄ ቀስ እያለ ይሻላል። ግን ደረትህን በማዳመጫ ሳይሰሙት እንዲህ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ስለዚህ ዛሬ ወይ ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ በተለይ አስም ካለብህ። ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህ ሲር ሲር ካለ ወይ ከንፈርህ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሪፈራል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወተቱ ጉዳት የለውም፣ ግን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። እንዲህ ሲያጋጥም ድስቱን ባለበት ትተህ ውጭ መውጣት ነው፣ ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ስለሚተኛ እዛው ጎንበስ ማለት ይጎዳል፣ አይንን ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ። አሁን ከከሰልና ከእጣን ጭስ ራቅ በል፣ ቡና ሲፈላም በር አካባቢ ተቀመጥ።

ሙከራህን ያበላሸው ቤኪንግ ፓውደሩ ነው፣ ስታርች አለው፣ የወፈረውም ያረረውም እሱ ነው። የሚያስፈልግህ ንጹህ ቤኪንግ ሶዳ ነበር፣ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት አቼቶ 7 ግራም ገደማ ይበቃዋል፣ አረፋው እስኪያቆም ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ከዛ በቀስታ እሳት ውሃውን ማትነን። የሚወጣው ሶዲየም አሲቴት ይባላል፣ ጨው ነው ስለተባለ ወጥ ላይ አይደረግም። ጨው ቆሻሻ ካለው፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ አሟሙተህ አጥልለው፣ በረኪና ግን በፍጹም። ጎበዝ ነህ፣ መሞከርህን አትተው፣ ብቻ መምህርህ ባለበት ይሁን።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ አትፈር፣ በረኪናና አቼቶ ተደባልቆ አሽትቻለሁ በል፣ ቀኑንም ንገራቸው። ሳል ብቻ ካልካቸው ጉንፋን መስሏቸው አንቲባዮቲክ ሊሰጡህ ይችላሉ፣ እሱ ደግሞ ለዚህ ምንም አይሰራም። እናትህንም ሙሉውን ንገራት፣ ድስቱ እስካሁን ካልታጠበ ደጅ አውጥታችሁ ብዙ ውሃ ጨምራችሁ ድፉት፣ ሌላ ምንም ነገር እንዳትጨምሩበት።