የ1970 ኖቫህን ሞተር ከማስወረድህ በፊት

ወንድሜ፣ የ1970 (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌት ኖቫ መኪና ገዝተህ «350 ሞተሩን (ስፋቱ 350 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን) ላስወርደው ነው፤ ረከስ ያለ ጋራዥ ጠቁሙኝ» ብለሃል። የጋራዡን ነገር ለጊዜው አቆየውና ይቺን ስማኝ። እኔም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ታክሲ እየነዳሁ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ያንኑ መኪና ነው የሠራሁት።

1. ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲወርድ የጭስ ቫልቮቹ መቀመጫ በጠንካራ ብረት ይቀየር። ያኔ ቤንዚኑ ውስጥ የነበረው እርሳስ መቀመጫውን ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ እሱ የለም።

2. ዘይት። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፑንቴሪያህ (ቫልቮቹን የሚገፋው) ሮለር የሌለው፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ላይ በቀጥታ የሚፈተገው የድሮው ዓይነት ከሆነ ዚንክ የበዛበት ዘይት ግድ ይልሃል። ሱቅ የሚሸጠው ተራ ዘይት ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያውን) እንዳያበላሽ ተብሎ ዚንኩ ተቀንሷል። ደግሞ አዲስ ካም የገባለት ሞተር እንደተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አይተውም! ወዲያው በደቂቃ ወደ 2000 ዙር ታወጣውና ከፍ ዝቅ እያደረግክ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ታሠራዋለህ።

ይህንን ሁሉ ለጋራዡ ሰውዬ ነግሬዋለሁ። ዘይቱንም ራሴ ገዝቼ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። «አንተ ሾፌር ነህ፤ ይሄን ለእኛ ተው» አለኝ፣ ያውም ሰው ፊት። መኪናዬን ልወስድ ስሄድ የገዛሁት ዘይት ክዳኑ እንኳን ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ ሞተሩ ደግሞ በሚኒሞ ይንደቀደቃል። ብዙም ሳይቆይ ቴክ ቴክ ማለት ጀመረ። የዘይት ፊልትሮውን ቆርጬ ስከፍተው በወረቀቱ እጥፋት መሀል የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ካሙ ተበልቶ፣ ብናኙ ብሮንዚናውን (ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ልባስ) ሁሉ ጨርሶታል። ካሳ ስጠይቀው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደረሰኜን ተቀብሎ «የውድድር መኪና ዋስትና የለውም» ብሎ ጻፈበት። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ እኮ ነው!

ሁለተኛውን ሞተር እኔው ገጠምኩት። ካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡበት የሲሊንደሮቹ ተራ፣ 1-8-4-3-6-5-7-2፣ እንደ ዳዊት በቃሌ ነው። ያቺ መኪና ሜሪላንድ፣ በድስ ክሪክ የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ ሩብ ማይሉን ከ14 ሰከንድ በታች ጨርሳለች። የመነሻው ሦስት ቢጫ መብራቶች በየግማሽ ሰከንዱ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ ያለው እግርህ ሲንቀጠቀጥ፣ አረንጓዴው እስኪበራ ያለችው ቅጽበት... ተወው፣ ትደርስበታለህ። እዚያ በጎረምሳነታቸው ጂቲኦና ቼቬል የሚባሉትን ጉልበተኛ መኪኖች የነዱ፣ ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ቤንዚኑ አልቀመስ ሲላቸው በእርካሽ የሸጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ኮፈኑን አስከፍተው «ማን ሠራልህ?» ሲሉኝ «ሾፌሩ» አልኳቸው። ያ የጋራዡ ሰውዬ እዚያ በነበረና በሰማ!

3. ቀለምና ክሮም መጨረሻ ላይ ነው። ቆንጆ ሆኖ የማይነሳ መኪና ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግ። ከሞተሩ ብሎክ (ዋናው አካል) ኋላ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሚያያዝበት ጠርዝ ላይ የሞተሩን ዓይነት የሚናገር ጎላ ብሎ የወጣ ቁጥር አለ። በብሩሽ ጥረገውና ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው። ያን ዓመት ኖቫ 307 ሞተርም ይገጠምላት ነበር፣ ከውጭ ሲያዩት ከ350 አይለይም፤ ሻጩ በምላሱ ከሆነ የሸጠልህ አንዲት ቡሎን ሳትፈታ እንወቀው።